ፊርማ ያለ እማኝ

ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች ፊርማ በአሜሪካ የሚነገረው ታሪክ ከአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ብዙም አይለወጥም። ድሮ ተጫዋቹ ደግ ነበር፤ ልጁ በስታዲየሙ በር ላይ ኳስና እስክሪብቶ ይዞ ይጠብቀዋል፣ ተጫዋቹም ስሙን ጽፎለት ራሱን ዳብሶት ያልፋል። በኋላ ገንዘብ መጣ፤ ተጫዋቹ ኮራ፣ ልጁም ባዶ እጁን ቀረ ይባላል። ታሪኩ ለትካዜ ይመቻል፤ ግማሹም እውነት ነው። ዋናውን ለውጥ ግን ይስታል። ከተጫዋቹ ልብ ይልቅ የተለወጠው፣ ፊርማው የእርሱ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል የሚለው ጉዳይ ነው። በድሮው ዘመን ምስክሩ ፊርማውን የተቀበለው ልጅ ራሱ ነበር፤ ማንንም ማሳመን አይጠበቅበትም፣ የሚጠይቀውም የለም። ዛሬ ምስክሩ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያ ነው፤ በገዛ ዓይኑ ሲፈረም ያየው ልጅ ቃል ግን ገበያ ላይ ሰሚ የለውም። ገንዘቡም፣ ኩራቱም፣ አጥሩም ከዚህ ለውጥ ጋር አብረው የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ትርጉም የሚያገኙት ግን ይህ ለውጥ ሲታይ ይመስለኛል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ኳሱን ራሱን ማስተዋወቅ ሳይሻል አይቀርም። የቤዝቦል ኳስ በአንድ እጅ የሚጨበጥ፣ ነጭ ቆዳ የለበሰና በ108 ድርብ ስፌት በቀይ ክር የተሰፋ ነው። ቆዳው ቀለም ይይዛል፤ ሁለቱ የስፌት መስመሮች የሚቀራረቡበት ጠባብ ቦታም አንድ ስም ብቻ ይበቃዋል። ቡድኑ ሁሉ በአንድ ኳስ ላይ ሲፈርም ያ ቦታ በልማድ ለቡድኑ አለቃ ይተው ነበር፤ ሌሎቹ በዙሪያው ይፈርማሉ። ሆኖም ኳሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚፈረምበት ዕቃ አልነበረም። በ1887 የቺካጎ ክለብ ለቦስተን በ10 ሺሕ ዶላር የሸጠው ኪንግ ኬሊ፣ የመንገድ ልጆች ፊርማ ሊለምኑ ከተከተሏቸው የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች አንዱ እንደ ሆነ ይነገርለታል፤ ልጆቹ የሚዘረጉለት ግን ቁራጭ ወረቀት ነበር። ኳስ ውድ ንብረት ስለ ነበር ወደ ተመልካቹ የበረረውን የክለቡ ሠራተኞች እየለቀሙ ይመልሱት ነበር። ሁለት ነገሮች ይህን ለወጡ። በ1920 የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን በተወረወረ ኳስ ራሱን ተመትቶ ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ዳኞች የቆሸሸና በደንብ የማይታይ ኳስ በቶሎ እንዲቀይሩ ታዘዙ። በ1921 ደግሞ በኒው ዮርክ አንድ ተመልካች የያዘውን ኳስ አልመልስም በማለቱ ከስታዲየም ተባረረ፤ ክለቡን ከሶም 100 ዶላር ተፈረደለት። ቀስ በቀስ ኳሱ የያዘው ሰው ንብረት ሆነ፤ ልጁም ቤቱ ይዞት የሚገባው፣ ነገ ተጫዋቹ ፊት የሚዘረጋው ነገር አገኘ።

ይህ የሆነው ቤብ ሩት በኒው ዮርክ በገነነበት ጊዜ መሆኑ ለልማዱ መስፋፋት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ሩት በባቡር ጣቢያ፣ በሆቴል ደጃፍ፣ በሆስፒታል አልጋ አጠገብ ይፈርም ነበር። በ1948 የሞተ ሰው ሆኖ ሳለ ፊርማው ያለባቸው ኳሶች እስከ ዛሬ በጨረታ ደጋግመው ይቀርባሉ፤ ዋጋቸው የሚሰቀለው ስላነሱ ሳይሆን ፈላጊው ስለ በዛ ነው። ደግነቱን መካድ አይቻልም። ግን ደግነቱ ከጥቅም የተነጠለ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ክሪስቲ ዋልሽ በሩት ስም የጋዜጣ ጽሑፎችን ሌሎች ሰዎች እንዲጽፉ አድርጎ ይሸጥ ነበር፤ ስለዚህ በ1920ዎቹ የኮከቡ ስም ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆኗል። ሸቀጥ ያልሆነው የእጅ ጽሑፉ ነው። አንድ ልጅ የሩትን ፊርማ ይዞ ወደ ገበያ ቢወጣ የሚገዛው ነጋዴ፣ የሚመዝንበት ዋጋ፣ የሚሸጥበት አዳራሽ ገና አልነበረም። ነፃ የሆነው ዋጋ ስላልነበረው ነው፤ የደግነት ዘመን እያልን የምንጠራው ጊዜ በአመዛኙ የገበያ አለመኖር ዘመን ነው።

ለቅርበቱም ቢሆን ከጠባይ ይልቅ ኑሮ ነው ምክንያቱ። በ1913 የተከፈተው የብሩክሊኑ ስታዲየም ኤቤትስ ፊልድ በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተተከለ ነበር፤ በዚያ ይጫወት ከነበረው የዶጀርስ ክለብ ተጫዋቾችም ብዙዎቹ በብሩክሊን ቤት ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ቡድኖች ከከተማ ወደ ከተማ በባቡር ይሄዳሉ፤ የሚያርፉበት ሆቴል የታወቀ ነው፤ በሎቢው መቀመጥ ለማንም ክፍት ነው። ተጫዋቹን ለአንድ ክለብ ዕድሜ ልኩን የሚያስረው የውል አንቀጽ ደመወዙን ዝቅ አድርጎ ስለ ያዘው፣ ብዙዎቹ ክረምቱን ኢንሹራንስ በመሸጥ ወይም ሱቅ ውስጥ በመሥራት ያሳልፉ ነበር። በ1967 እንኳ የከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ፣ የሜጀር ሊግ፣ ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 6 ሺሕ፣ አማካዩ 19 ሺሕ ዶላር ገደማ ነበር። እንዲህ ያለ ተጫዋች ለሰፈሩ ልጅ እምቢ ቢል ነገ ከአባቱ ጋር በአንድ ሱቅ ውስጥ ይገናኛሉ። መሣሪያውም ረድቷል፤ በ1945 በኒው ዮርክ ገበያ በ12 ዶላር ከ50 ሳንቲም መሸጥ የጀመረው እስክሪብቶ ዋጋው ቶሎ ወርዶ በየልጁ ኪስ ገባ፤ ከብልቃጥ ቀለም የሚሞላው ብዕርና የሚደበዝዘው እርሳስ ቀሩ።

በዚህ ላይ የሚነሳ አንድ ተቃውሞ አለ፤ ዋጋ ባይኖረውም እንኳ ቢያንስ ያኔ ፊርማው እውነተኛ ነበር የሚል። ማስረጃው ይህን አይደግፍም። በየክለቡ የመልበሻ ክፍል ዕቃ የሚጠብቁ ሠራተኞች የኮከቦቹን ፊርማ አስመስለው በኳስ ሣጥኖች ላይ መፈረማቸው በሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ነው፤ የቡድን ኳስ የሚገመግሙ ባለሙያዎች ዛሬም መጀመሪያ የሚጠራጠሩት ይህንኑ ነው። በ1919ኙ የጨዋታ ሽያጭ ቅሌት ሳቢያ ዕድሜ ልኩን የታገደው ጆ ጃክሰን መጻፍ ብዙም አይችልም ነበር፤ አድናቂዎቹ በፖስታ ለላኩለት ጥያቄ በስሙ የምትፈርመው ባለቤቱ ነበረች። በገዛ እጁ የፈረመው ከቤዝቦል ፊርማዎች ሁሉ እጅግ ብርቅ ከሆኑት አንዱ የሆነውም ለዚህ ነው። ደግሞም የማን ፊርማ እንደ ተለመነ ማየት ይገባል። ጥቁሮች ከሜጀር ሊግ ታግደው በራሳቸው ሊጎች ሲጫወቱ ከዘመኑ ታላላቅ መቺዎች አንዱ ጆሽ ጊብሰን ነበር፤ በ1947 ጃንዋሪ ሞተ፤ እገዳውን የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ለዶጀርስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በዚያው ዓመት ኤፕሪል 15 ነው። የጊብሰን ፊርማ ዛሬ በቁጥር ከሩት ፊርማ እጅግ ያነሰ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የሁለቱ ሰዎች ደግነት ሊሆን አይችልም፤ ከጊብሰን ፊት የቆሙትን እስክሪብቶዎች ቁጥር የወሰነው የዘር አጥር ነው።

ቅርበቱም አደጋ ነበረው። በ1949 ጁን የፊላዴልፊያው ኤዲ ዌትከስ በቺካጎ ኤጅዋተር ቢች ሆቴል ሳለ፣ አንዲት የማያውቃት አድናቂ መልእክት ልካ ወደ ክፍሏ ጠራችው፤ ሲገባም ተኩሳ መታችው። ተርፎ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሜዳ ተመለሰ። የሆቴሉ በር ለሁሉም ክፍት የነበረበትን ዘመን የሚናፍቁ ጸሐፊዎች ይህን ምሽት እምብዛም አያነሱትም።

እውነተኛው መታጠፊያ የመጣው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ነው፤ ያመጡትም ተጫዋቾች ሳይሆኑ ያደጉት ልጆች ናቸው። በ1950ዎቹ ከማስቲካ ጋር የሚሸጥ የተጫዋቾች ካርድ ሲሰበስቡ የነበሩት ልጆች አርባ ዓመት ሲሞላቸው ደመወዝ ነበራቸው፤ ልጅነታቸውንም መልሰው መግዛት ፈለጉ። የሆቴል አዳራሾች በካርድ ገበያ ተሞሉ፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሰብሳቢዎች ጉባኤ በ1980 በሎስ አንጀለስ ተካሄደ፤ በ1981 ሌሎች ድርጅቶች የቶፕስን የካርድ ብቸኛ ሻጭነት ሰበሩ። አዘጋጆቹም የቆዩ ኮከቦችን ከጠረጴዛ ኋላ እያስቀመጡ ፊርማ በትኬት ይሸጡ ጀመር። ገዢው ይሰለፋል፣ ተራው ሲደርስ ኳሱን ያስቀምጣል፣ ተጫዋቹ ቀና ሳይል ይፈርማል፣ ሠራተኛው ኳሱን ወደ ጎን ይገፋል። ያም ቢሆን በአካል የተገኘ ፊርማ ነው፤ ሰውየው እዚያው ተቀምጧል። ነገር ግን የሚገናኙት ሰውና ሰው መሆናቸው ቀርቶ ደረሰኝና እጅ ሆነዋል።

ስግብግብነት ነው የሚለው ክስ የሚከረውም እዚህ ላይ ነው። መልስ ለመስጠት ከጠረጴዛው ኋላ እነማን እንደ ተቀመጡ ማየት በቂ ይመስለኛል። ሚኪ ማንትል በጨዋታ ዘመኑ ደመወዙ በዓመት ከ100 ሺሕ ዶላር አልዘለለም፤ ጡረታ ከወጣ በኋላ በፊርማ ያገኘው በጨዋታ ካገኘው በለጠ። ለረጅም ጊዜ በዱላ ላይ አልፈርምም ሲል የኖረው ጆ ዲማጂዮ በ1993 በ1,941 ዱላዎች ላይ ለመፈረም ተዋዋለ፤ ቁጥሩ የተመረጠው በተከታታይ 56 ጨዋታዎች ኳስ መትቶ መሮጫ ያገኘበትን የ1941ን ዓመት ለማሰብ ነው። ከዚህ አንድ ውል ያገኘው በጨዋታ ዓመታቱ ሁሉ ከተከፈለው ይበልጣል። እነዚህ ሰዎች የተጫወቱት ክለቡ የፈለገውን በሚከፍልበት ዘመን ነው። ያን ሥርዓት ያፈረሰው የግልግል ዳኛው የፒተር ሳይትዝ ውሳኔ የተሰጠው በ1975 ዲሴምበር፣ ሁለቱም ሜዳውን ከተሰናበቱ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጫዋቾች አማካይ ደመወዝ በ1976 ከ51 ሺሕ ዶላር ተነስቶ በ1992 ከ1 ሚሊዮን አለፈ። የፊርማው ጠረጴዛ ለቀድሞዎቹ የዘገየ ደመወዝ ነበር። ይህን ስል ሁሉም ንጹሕ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ስለ ነበር ገቢያቸውን የደበቁ ኮከቦች ነበሩ፤ የግብር ባለሥልጣኑም ደረሰባቸው፤ ፒት ሮዝ ከፊርማና ከመታሰቢያ ዕቃዎች ሽያጭ ያገኘውን ገቢ በመደበቁ ጥፋቱን አምኖ በ1990 አምስት ወር ታሰረ፤ በ1995 ዱክ ስናይደርና ዊሊ ማኮቪ በብሩክሊን ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ጥፋት አመኑ። ማኮቪን ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2017 ይቅርታ አድርገውለታል። ነፃ ስጦታ የነበረው ነገር በግብር ሕግ የሚያስከስስ ገቢ ሆነ፤ የዋጋውን መወለድ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አይገኝም።

ዋጋ ከተወለደ በኋላ በስታዲየሙ በር ላይ የሚጠብቀው ሰው ተለወጠ። ከልጆቹ መካከል ደርዘን ኳስ በቦርሳ የያዙ፣ ተጫዋቹ የሚያርፍበትን ሆቴልና የሚነሳበትን ሰዓት የሚያጠኑ አዋቂዎች ቆሙ፤ አንዳንዶቹም ለልጅ ሳንቲም ሰጥተው ኳሱን በእርሱ እጅ ያስዘረጋሉ። ተጫዋቹ ሻጩን ከአድናቂው የሚለይበት አንድ ዘዴ ብቻ አገኘ፤ “ስምህ ማነው?” ብሎ መጠየቅ። “ለእገሌ” ተብሎ የተጻፈበት ኳስ ለእገሌ ካልሆነ ለሌላ ብዙ አያወጣምና። በዚህች ትንሽ ልማድ ውስጥ የለውጡ ታሪክ ሁሉ አለ። ልጁ በ1935 የተመኘው ኮከቡ የእርሱን ስም በእጁ እንዲጽፍለት ነበር፤ የመገናኘታቸው ማስረጃ ያ ነውና። በ1985 ያው ጽሑፍ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ እንከን ሆነ። ከፊርማው የተቀባዩ ማንነት ሲፋቅ ፊርማው ለማንም የሚሸጥ፣ የማንም ያልሆነ ዕቃ ይሆናል። እርግጥ ከዚህ በተቃራኒ የቆሙም ነበሩ። በ1994 በተጫዋቾችና በባለቤቶች ግጭት የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ተሰርዞ ተመልካቹ በቁጣ በራቀ ጊዜ፣ የባልቲሞሩ ካል ሪፕከን በቀጣዩ ወቅት ከጨዋታ በኋላ እየቆየ ለረጅም ሰዓት ይፈርም ነበር። ወርዋሪው ቦብ ፌለር ደግሞ እስከ እርጅናው ድረስ በየደረሰበት ከመፈረሙ የተነሳ፣ ያልተፈረመበት የፌለር ኳስ ነው ብርቁ እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ደግነቱ ሳይጠፋ ገበያው መጣ፤ ስለዚህ ገበያውን የደግነት መጥፋት ውጤት ማድረግ አይቻልም።

ገበያ ባለበት አስመሳይ አይጠፋም። የሳን ዲየጎው ኮከብ ቶኒ ግዊን በከተማው የሚሸጡ ዕቃዎች ላይ ያልፈረመው ፊርማው እንዳለ ጠርጥሮ ካመለከተ በኋላ ኤፍቢአይ “ኦፕሬሽን ቡልፔን” ያለውን ምርመራ አካሄደ። በ1999 ኦክቶበር በአምስት ግዛቶች ፍተሻ ተደረገ፤ ምርመራው በየዓመቱ እየሰፋ ሄዶ ከ60 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል እናት ቴሬዛ የፈረሙበት የተባለ የቤዝቦል ኳስ መገኘቱ ያስቃል፤ ሻጩ ገዢው ምን ያህል ሊያምን እንደሚችል ያውቅ ነበር ማለት ነው። ከሳቁ በላይ የሚከብደው ግን አስመሳዮቹ ከፊርማው ጋር “እውነተኛ ነው” የሚል የምስክር ወረቀትም አብረው ማዘጋጀታቸው ነው። በእኛ ዘንድ ውል የሚጸናው በእማኝ ፊት ሲፈረም ነው፤ እማኙ ራሱ ሐሰተኛ ከሆነ ውሉን የሚያድነው የለም። ሜጀር ሊግ የደረሰበት መፍትሔም ይኸው የእማኝ ነገር ነበር። በ2001 በተጀመረው አሠራር በሥራ ላይ ያሉ ወይም ጡረታ የወጡ የፖሊስ መኮንኖች ተጫዋቹ ሲፈርም በአካል ቆመው ያያሉ፤ ከዚያ ቁጥር ያለበት የሆሎግራም ስቲከር ይለጥፋሉ፤ ገዢው ቁጥሩን በሊጉ መዝገብ ያጣራል። የተሰበረ ዱላ፣ የሜዳ አፈር ሳይቀር በዚህ መንገድ ይመሰከርለታል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ሐቀኛ ገዢን ይጠብቃል። ነገር ግን ምስክርነትን ከሁለቱ ሰዎች ወስዶ ለሦስተኛ አስረክቧል።

በዚያው ጊዜ ፊርማው ያለ ግንኙነት መጓዝም ለመደ። በ1990 የካርድ ድርጅቱ አፐር ዴክ ኮከቡ ሬጂ ጃክሰን የፈረመባቸውን 2,500 ካርዶች በእሽጎቹ መካከል በተነ፤ ገዢው ኮከቡን ሳያይ ፊርማውን ከፕላስቲክ ውስጥ ያወጣል። በኋላ የካርድ ድርጅቶች ለተጫዋቾች ግልጽ ስቲከር በወረቀት ወረቀት መላክ ጀመሩ፤ ተጫዋቹ ቤቱ ተቀምጦ ይፈርማል፣ ፋብሪካው ካርዱ ላይ ይለጥፋል። ፈራሚው የሚለጠፍበትን ካርድ ላያየው ይችላል። ገበያው ይህን ያለ ችግር ተቀብሏል፤ የሚገዛው የድርጅቱን ዋስትና ነውና።

አንዳንዶች ለውጡን የሚያመካኙት በግንብና በአጥር ነው፤ ተጫዋቹ የሚገባበት የመኪና ማቆሚያ ተዘጋ፣ ጠባቂ ቆመ፣ መረብ ተዘረጋ ይላሉ። እውነት አላቸው፤ እኔም ይህን ቀላል ምክንያት አልለውም። በ2017 በያንኪ ስታዲየም አንዲት ሕፃን በተመታ ኳስ ክፉኛ ከተጎዳች በኋላ፣ በ2018 ሠላሳውም ክለቦች የተጫዋቾች መቀመጫ እስከሚያበቃበት ድረስ መረቡን አስረዘሙ፤ ከዚያም ብዙዎቹ ጨመሩበት። ድሮ ልጆች ጎንበስ ብለው ኳስ ያቀብሉበት የነበረው ቦታ ዛሬ በመረብ ተጋርዷል፤ ማንም ጤነኛ ሰው መረቡ ይነሳ አይልም። በ2020 ማርች የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ሊጉ ተጫዋቾች ከተመልካች ኳስና እስክሪብቶ እንዳይቀበሉ መከረ፤ የዚያ ዓመት መደበኛ ወቅት 60 ጨዋታዎች ያለ ተመልካች አለፈ። ግን አጥሩ ብቻውን ይህን ሁሉ ቢያመጣ ኖሮ አጥር በሌለበት ቦታ አሮጌው ልማድ ሳይለወጥ በተገኘ ነበር። የፍሎሪዳውን ዶጀርታውን እንውሰድ። ከ1948 እስከ 2008 ዶጀርስ በዚያ የጸደይ ልምምድ ሲያደርጉ ተጫዋቾቹ ከሜዳ ወደ ሜዳ በተመልካቹ መካከል በእግራቸው ያልፉ ነበር፤ መቀመጫቸው ጣራ እንኳ አልነበረውም። በ1990ዎቹ በዚያ መንገድ ላይ ግንብ አልነበረም፤ ባለ ቦርሳዎቹ ነጋዴዎች ግን ነበሩ፤ “ለእገሌ” የሚለውም ጥያቄ ነበር። ገበያው ከአጥሩ ቀድሞ ደርሷል።

ስልኩም የራሱን አድርጓል። ከተጫዋቹ ጋር አብሮ ፎቶ መነሳት ፈጣን ነው፣ እስክሪብቶ አይጠይቅም፣ ከሁሉ በላይ አይሸጥም፤ ስለዚህ ብዙ ወጣት አድናቂዎች የሚለምኑት እርሱን ሆኗል። ይህን የፊርማው ሞት አድርገው የሚያዝኑ አሉ። ለእኔ ግን ፎቶው ለ1935ቱ ልጅ ፍላጎት ከሆሎግራሙ ኳስ ይልቅ ይቀርባል፤ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቦታ መቆማቸውን ያሳያል፣ ከሁለቱ በቀር ለማንም ብዙ አይረባም። በጸደይ ልምምድ በአሪዞናና በፍሎሪዳ፣ እንዲሁም በአነስተኛ ሊጎች ሜዳ ላይ ዛሬም በነፃ የሚፈርም ተጫዋች ይገኛል። ሆኖም የሊጉ መኮንኖች የሚመሰክሩት ቆመው ላዩት ፊርማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ የተፈረመውን የግል ገምጋሚ ድርጅቶች ከሌሎች ናሙናዎች ጋር አስተያይተው በክፍያ አስተያየት ይሰጡበታል። ስለዚህ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በዓይኑ እያየ፣ ስሙ ተጽፎለት የተቀበለ ልጅ ኳስ የሊጉን ስቲከር አያገኝም፤ በጨረታ ቤትም ከሁሉ ርካሹ እርሱ ነው።